ዲአንጀሎ በ20 ዓመት ውስጥ 3 አልበም ብቻ ለምን ሠራ?

አሜሪካዊው ድምፃዊ ዲአንጀሎ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በቆሽት ካንሰር አረፈ። ዕድሜው 51 ነበር። ትቶልን የሄደው የስቱዲዮ አልበም 3 ነው። የመጀመሪያው በ1995፣ ሁለተኛው በ2000፣ ሦስተኛው በ2014 ወጣ። (ካረፈበት ቀን በቀር ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል 15 ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዝምታ አለ።

ብዙ ሰው ይህን ዝምታ በአንድ ቃል ይዘጋዋል። አንዱ «ሱስ» ይላል፣ ሌላው «ስንፍና»። ሱሱ እውነት ነው፤ እሱ ራሱም አልደበቀውም። ስንፍናው ግን ፈጽሞ አይዋጥልኝም። ደግሞም ከሱሱ በፊት የመጣ ሌላ ነገር አለ። እሱን ለመረዳት ሙዚቃው እንዴት እንደተሠራና እንዴት እንደተሸጠ ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል። ዲአንጀሎ ለጆሮ ብሎ የሠራውን ሥራ ገበያው ለዓይን ሸጠው። ሰውየውን የሰበረው ይህ ይመስለኛል።

ከቤተ ክርስቲያን እንጀምር። ትክክለኛ ስሙ ማይክል ዩጂን አርቸር ነው። የተወለደው በቨርጂኒያ ግዛት፣ ሪችመንድ ከተማ፣ የካቲት 1974 ነው። አባቱ የጴንጤቆስጤ ሰባኪ ነበሩ። ልጁ ፒያኖ መነካካት የጀመረው ገና በሕፃንነቱ ነው። ብዙም ሳይቆይ በቤተ ክርስቲያን አምልኮ ላይ መጫወት ያዘ።

ይህ ተራ የሕይወት ታሪክ መረጃ ሊመስል ይችላል፤ ግን ብዙ ነገር ያስረዳል። በጥቁር አሜሪካውያን የጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያን ፒያኖ የሚጫወት ሰው ኖታ ዘርግቶ አይጫወትም። ዓይኑና ጆሮው ሰባኪው ላይ ነው። ሰባኪው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሙዚቃው ከፍ ይላል፤ ዝቅ ሲል ዝቅ ይላል። ሕዝቡ በመንፈስ ሲነካ ያንኑ አንድ ሐረግ ደጋግሞ መጫወት አለበት፤ 5 ደቂቃም ይፍጅ 20 ደቂቃ። ሰዓት አይቶ የሚያቆም የለም። የሚቆመው ነገሩ ሲደርስ ነው። ዲአንጀሎ ሙዚቃን የተማረው በዚህ ዓይነት ትምህርት ቤት ነው። በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ዓመታት ሲፈጅ፣ ልማዱ ከየት እንደመጣ ማየት አይከብድም።

ሌላም ነገር ከዚያ ይዞ ወጥቷል። በዚያ ዓለም ዓለማዊ ዘፈን መዝፈን ለሰይጣን እንደማደር የሚቆጥሩት ነበሩ። ይህ ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ተከትሎታል። በየቃለ መጠይቁ ስለ መንፈስ፣ ስለ መልካምና ክፉ ኃይል፣ መድረክ ምን ያህል አደገኛ ቦታ እንደሆነ ይናገር ነበር። ሲናገር ደግሞ ከልቡ ነው።

ወጣትነቱን በአጭሩ ልለፈው። ገና ጎረምሳ ሳለ ኒውዮርክ ሃርለም ሄዶ፣ በታዋቂው አፖሎ ቲያትር የአማተሮች ምሽት ላይ ተወዳድሮ አሸነፈ። በሽልማቱ ገንዘብ የመቅጃ ዕቃ ገዛና ሪችመንድ በሚገኘው ቤቱ ተቀምጦ መቅዳት ጀመረ። ከዚያ ኢኤምአይ የተባለው ኩባንያ አስፈረመው። በ1994 በርካታ የጥቁር አሜሪካውያን ወንድ ድምፃውያን በአንድነት የዘፈኑትን «ዩ ዊል ኖው» የተባለ ዘፈን በጋራ ጽፎ ፕሮዲውስ አደረገ። በዓመቱ «ብራውን ሹገር» የተባለው የመጀመሪያ አልበሙ ወጣ። አብዛኛውን መሣሪያ የተጫወተው ራሱ ነው፤ ጀርባ ላይ የሚሰሙትን ተቀባይ ድምፆችም ራሱ ደራርቦ ቀዳቸው። አልበሙ በአሜሪካ ከ1 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። «ሌዲ» የተባለው ዘፈኑ ቢልቦርድ በተባለው የአሜሪካ ሙዚቃ ደረጃ ዋና ሰንጠረዥ እስከ 10ኛ ደረጃ ወጣ።

አሁን ዲአንጀሎ ብዙ ጊዜ ስለሚመደብበት፣ ኒዮ ሶል ስለሚባለው የሙዚቃ ዓይነት ትንሽ እናውራ።

በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የነበረው የሶል ሙዚቃ፣ ማለትም የማርቪን ጌይ፣ የስቲቪ ዎንደር፣ የአል ግሪን ዘፈን፣ የሚሠራው በአንድ ክፍል ውስጥ አብረው በሚጫወቱ ሰዎች ነበር። በ80ዎቹ ማሽን ገባ። ድራሙ በማሽን፣ ባሱ በኪቦርድ ሆነ። ድምፁ ንጹሕና ጠንካራ ሆነ፤ በዚያው ልክ ቀዘቀዘ። በ90ዎቹ የመጡት ወጣቶች ያደጉት በሂፕ ሆፕ ነው። ሂፕ ሆፕ ደግሞ የአሮጌ ሶል ሸክላዎችን እየቆረጠ የሚሠራ ስለነበር፣ የወላጆቻቸውን ሙዚቃ እንደገና አገኙት። ከአሮጌው ሶል የቀጥታ ባሱን፣ ፌንደር ሮድስ የሚባለውን ለስላሳ የኤሌክትሪክ ፒያኖና የተደራረበ ድምፅ ወሰዱ። ከሂፕ ሆፕ ከባዱን ድራምና ሳይቸኩሉ አንድ ዜማ ላይ መቆየትን ወሰዱ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ዛሬ ኒዮ ሶል የምንለው መጣ።

ስሙን ያወጣው ግን ከሙዚቀኞቹ አንዱ አልነበረም። ኪዳር ማሰንበርግ የተባለ የሙዚቃ ሥራ አስኪያጅ ነው። የዲአንጀሎ ማናጀር ነበር፤ ኤሪካ ባዱን ለዓለም ያስተዋወቀውም እሱ ነው፤ ቆይቶም ሞታውን የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሆነ። ስሙ ለመሸጥ ተመቸ። ማክስዌል፣ ኤሪካ ባዱ፣ ሎረን ሂል፣ ጂል ስኮት ሁሉም በዚህ ስም ሥር ተደረደሩ። ዲአንጀሎ ስሙን አልተቀበለም። በ2014 በኒውዮርክ በሕዝብ ፊት ሲጠየቅ፣ ኒዮ ሶል እሠራለሁ ብሎ እንደማያውቅ፣ የሚሠራው የጥቁሮች ሙዚቃ እንደሆነ ተናገረ። ስም ሲሰጥህ ሳጥን ይሰጥሃል፤ ከዚያ ሳጥን መውጣት ስትፈልግ ሰው ይቆጣል የሚል ስጋት ነበረበት። ስጋቱ ልክ ነበር እላለሁ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው አልበሞቹ በዚያ ሳጥን ውስጥ አይገቡም።

በነገራችን ላይ ይህ ሙዚቃ ለእኛም ሰው ባዳ አይደለም። በሜሪላንድ ያደገችው ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ዋይና በዚሁ መስክ ዘፍና በ2009 ለግራሚ ታጭታለች። ሥራዎቿን ያልሰማ ቢሰማቸው ደስ ይለኛል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ «ቩዱ» ወደተባለው ሁለተኛ አልበም። ዲአንጀሎን ከሌላው የሚለየው ምስጢር ያለው እዚህ ነው።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ኒውዮርክ ግሪንዊች ቪሌጅ ውስጥ ያለውን ኤሌክትሪክ ሌዲ ስቱዲዮ ቤቱ አደረገው። ስቱዲዮውን ያሠራው የጊታሩ ንጉሥ ጂሚ ሄንድሪክስ ነው። ዲአንጀሎ ዙሪያውን ሰው ሰበሰበ። ዘ ሩትስ የተባለው የሂፕ ሆፕ ባንድ ድራመር ኩዌስትላቭ፣ የኪቦርድ ተጫዋቹ ጄምስ ፖይዘር፣ የዌልሱ ባሲስት ፒኖ ፓላዲኖ፣ ትራምፔተሩ ሮይ ሃርግሮቭ አሉበት። ቻርሊ ሀንተርም አለ፤ እሱ ባለ 8 ክር ጊታሩ ላይ ባስና ጊታርን በአንድ ጊዜ የሚጫወት ሰው ነው። የእነ ጄምስ ብራውንን፣ የፕሪንስንና የሌሎች ባለሙያዎችን የመድረክ ቪዲዮ አብረው ያያሉ። የድሮ አልበም ከዳር እስከ ዳር ይጫወታሉ። ከዚያ መሃል አንድ አዲስ ነገር ብቅ ሲል ይቀዱታል። በዚያው ሕንፃ፣ በዚያው ወቅት የኤሪካ ባዱና የራፐሩ ኮመን አልበሞችም ይሠሩ ነበር። ሙዚቀኞቹ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ይጫወታሉ።

አሁን ስለ ምቱ። አልበሙን መጀመሪያ የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ «የሆነ ነገር ተንገዳግዷል» ይላል። ልክ ነው፤ ተንገዳግዷል። ሆን ተብሎ ነው።

የሙዚቃ ማሽንና ኮምፒውተር ምትን በእኩል ርቀት ይደረድራሉ። ተጫዋቹ ትንሽ ቢሳሳት እንኳ ማሽኑ ጎትቶ መስመር ላይ ያስቀምጥለታል። ጄ ዲላ የተባለው የዲትሮይት ፕሮዲውሰር ይህን አልፈለገም። ኤምፒሲ 3000 የተባለውን ማሽኑን ይዞ፣ አንዱን ምት ትንሽ ያስቀድማል፣ ሌላውን ትንሽ ያዘገያል፣ ሌላውን ደግሞ ቀጥ አድርጎ ይተወዋል። የሠርግ ቤት ጭብጨባን አስቡት። ሁሉም ሰው በአንድ ቅጽበት ቢያጨበጭብ የወታደር ሰልፍ ይሆናል። አንዱ ቀደም፣ አንዱ ዘግየት ሲል ነው ቤቱ የሚሞቀው። ዲላ ይህን ሙቀት ከማሽን አወጣው። ማሽኑ ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

ዲአንጀሎ የፈለገው ዲላ በማሽን ያገኘውን በሰው እጅ ማድረግ ነው። ይህ በጣም ከባድ ነው። ኩዌስትላቭ በዚያ ጊዜ የሚኮራበት ነገር እንደ ሰዓት ትክክል መምታቱ ነበር። ዲአንጀሎ ያንን እንዲተው ጠየቀው። እንደ ሰከረ ሰው ምታ አለው ማለት ይቻላል። ኩዌስትላቭ የለመደውን ለመርሳት እንደተቸገረ ራሱ ተናግሯል። ድራሙ በዚህ መንገድ ይሄዳል፤ የፓላዲኖ ባስ ከድራሙ ኋላ ይጎተታል፤ የዲአንጀሎ ድምፅ ደግሞ ከሁሉም ዘግይቶ ይደርሳል። ሁሉም የየራሱ ሰዓት ያለው ይመስላል። ግን አይበታተኑም። እንዳይበታተኑ የሚያደርጋቸው እርስ በርስ መደማመጥ ብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ፒያኖ ተጫዋች እዚህ ጋ ተመልሶ መጣ።

ድምፁም እንደዚያው ነው። ዲአንጀሎ ፋልሴቶ በሚባለው፣ ወንድ ከተለመደው ድምፁ በላይ ወጥቶ በቀጭኑ በሚዘፍንበት ስልት ይዘፍናል። አንዱን መስመር 5፣ 6 ጊዜ ደራርቦ ይቀዳዋል፤ አንድ ሰው ብቻውን መዘምራን ይሆናል። ቃላቱ አንዳንዴ በደንብ አይሰሙም። ብዙ ሰው በዚህ ይማረራል። እኔ ግን አልማረርም፤ እሱ ድምፁን እንደ አንድ መሣሪያ ነው የተጠቀመበት።

በተጨማሪ ሁሉም ነገር የተቀዳው በቴፕ ነው፤ የድምፅ ኢንጂነሩ ራስል ኤሌቫዶ የድሮ ዕቃዎች ወዳጅ ነው። በኮምፒውተር ቢሆን አንድ ጥሩ 4 ምት ተገኝቶ ይገለበጣል፣ የተሳሳተው ይጠገናል። በቴፕ ግን እንዲህ እንደ ልብ አይቆረጥም፣ አይቀጠልም። ሁሉም ሰው አብሮ ጥሩ የሚሆንበትን ቅጽበት መጠበቅ ያስፈልጋል። እንግዲህ የጊዜው ጥያቄ ግማሹ እዚህ ተመለሰ። እንዲህ የሚሠራ ሙዚቃ በ6 ወር አያልቅም።

አልበሙ በጥር 2000 ወጣ። በመጀመሪያው ሳምንት 320 ሺህ ቅጂ ተሸጦ በቢልቦርድ 1ኛ ሆነ። በ2001 ሁለት ግራሚ አገኘ፤ አንዱ ለምርጥ የአር ኤንድ ቢ አልበም፣ ሌላው ለምርጥ የወንድ አር ኤንድ ቢ ድምፃዊ።

ግን አልበሙን ለሕዝብ ያደረሰው ያ ሁሉ የምት ጥበብ አልነበረም። አንድ ክሊፕ ነው።

«አንታይትልድ» ከተባለው ዘፈን ጋር የወጣው ክሊፕ ቀላል ነው። ጥቁር መደብ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ካሜራ። ዲአንጀሎ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ቆሞ ይዘፍናል። ካሜራው ፊቱን፣ ትከሻውን፣ ደረቱን ቀስ እያለ ይዞራል። ካሜራው የሚያሳየው እስከ ዳሌው ድረስ ስለሆነ ተመልካቹ ሙሉ በሙሉ ራቁቱን ነው ብሎ ያስባል። ዘፈኑ ከራፋኤል ሳዲቅ ጋር የተጻፈና ለፕሪንስ ክብር የተሠራ ድንቅ ሥራ ነው። ከ7 ደቂቃ በላይ ሄዶ፣ መሃል ላይ ድንገት ተቆርጦ ያልቃል። ስለዚህ ያወራ ሰው ጥቂት ነው። ሁሉም ያወራው ስለ ሆዱ ጡንቻ ነው።

ከዚያ የዓለም ዙር ኮንሰርት ጀመረ። ከ10 በላይ ሙዚቀኞች ያሉበት፣ ለወራት የተለማመደ ባንድ ይዞ ወጣ። መድረክ ላይ ሲወጣ ከታች የሚሰማው «ልብስህን አውልቅ» የሚል ጩኸት ሆነ። አንድ ምሽት፣ ሁለት ምሽት ሳይሆን በየከተማው። ኩዌስትላቭ በኋላ እንደተናገረው፣ ዲአንጀሎ ሰውነቱ ልክ አልመጣም ብሎ በመጨነቁ ትርዒቱ የሚዘገይባቸው ምሽቶች ነበሩ። ለዓመታት ምትን በጸጉር ልክ ሲያዘገይ የኖረ ሰው፣ አሁን መስታወት ፊት ቆሞ ሆዱን እየመረመረ ነው።

ይህን ስጽፍ ያናድደኛል። ሴት ዘፋኞች በዚህ መንገድ ሲሸጡ ቢያንስ የሚቃወም ሰው ይገኛል። ወንድ ሲሆን እንደ ዕድል ነው የሚቆጠርለት። «ሴቶች ይጮሁለታል፣ ምን አጣ?» ይባላል። እሱ ያጣው ግን ሰሚ ነው። በዚያ ላይ አባቱ ሰባኪ የሆነ፣ ዘፈን ራሱ ኃጢአት ይሆን እንዴ ብሎ የሚጨነቅ ልጅ መሆኑን ጨምሩበት።

ዙሩ ሲያልቅ ወደ ቨርጂኒያ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት አልታየም ማለት ይቻላል። የቅርብ ጓደኛውን በሞት ተነጠቀ። መጠጥና ዕፅ ውስጥ ገባ። በ2005 በፖሊስ ተያዘ፣ ፍርድ ቤት ቀረበ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ መኪናው ተገልብጦ የጎን አጥንቱ ተሰበረ፤ በሕይወት መትረፉ ራሱ የሚገርም ነው። በየካቲት 2006 ጄ ዲላ በ32 ዓመቱ ሞተ። ዲአንጀሎ ቀጣዩ እኔ ነኝ ብሎ እንደፈራ ተናግሯል፤ ከዚያ ሕክምና ገባ።

በእነዚህ ዓመታት ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ጊታር በደንብ ተማረ። ይቀዳል፣ ይተወዋል፣ እንደገና ይቀዳል። በጥር 2012 ስዊድን፣ ስቶክሆልም ላይ ወደ መድረክ ተመለሰ። ሰውነቱ ተለውጧል፤ ጣቱ ግን አልተለወጠም።

ሦስተኛው አልበም «ብላክ ሜሳያ» ይባላል። ዲአንጀሎ ያወጣው ከዘ ቫንጋርድ ባንዱ ጋር ነው። ሊወጣ የታሰበው በ2015 ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ 2014 ግን አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ተለወጠ። በሚዙሪ ግዛት፣ ፈርጉሰን ከተማ ማይክል ብራውን የተባለውን ጥቁር ወጣት የገደለው ፖሊስ አይከሰስም ተባለ። ቀጥሎ በኒውዮርክ ኤሪክ ጋርነር የተባለውን ጥቁር ሰው አንቆ ለሞት የዳረገው ፖሊስም አይከሰስም ተባለ። ሕዝብ አደባባይ ወጣ። 15 ዓመት ሊሞላ በተቃረበው ዝምታው ሁሉ ያልቸኮለው ሰው፣ ያኔ ቸኮለ። አልበሙ ታኅሣሥ 15 ቀን 2014 ድንገት ወጣ። ከአልበሙ ጋር ባለው ጽሑፍ ላይ፣ ርዕሱ እሱን ራሱን መሲሕ ማለት እንዳልሆነ አስረዳ። በፈርጉሰን፣ በግብፅና ለለውጥ በተነሡባቸው ሌሎች ቦታዎች ስላሉ ሰዎች መሆኑን ጻፈ።

ይህም አልበም የተሠራው በቴፕ ነው። ጊታሩ ሻካራ ነው፤ ድምፁ በመሣሪያ ውስጥ የተቀበረ ነው። ብዙዎቹን ግጥሞች አብራው የጻፈችው ኬንድራ ፎስተር ናት። ሽፋኑ ላይ የእሱ ፊት የለም፤ ወደ ላይ የተነሡ የሕዝብ እጆች ናቸው ያሉት። ሰውነቱን ሸጠው የነበሩ ሰዎች ይህን ሽፋን ሲያዩ ምን እንደተሰማቸው ባውቅ ደስ ባለኝ። በ2016 ሁለት ግራሚ ጨመረ፤ በጠቅላላ 4 ሆነ።

ከዚያ በኋላ አራተኛ አልበም አልመጣም። በየካቲት 2021 በአፖሎ ቲያትር፣ ወጣት ሆኖ በተወዳደረበት መድረክ፣ በኢንተርኔት የተላለፈ ዝግጅት አቀረበ። በ2024 መጀመሪያ ለአንድ ፊልም ከጄይ ዚ ጋር አንድ ረጅም ዘፈን ሠራ። በመጋቢት 2025 የመጀመሪያ ልጁ እናትና በመጀመሪያዎቹ አልበሞቹ ዘፈን አብራው ትጽፍ የነበረችው ድምፃዊት አንጂ ስቶን በመኪና አደጋ ሞተች። በዚያው ዓመት እሱም ተከተላት።

እሱን ሰምታችሁ የማታውቁ ከሆነ በ«ብራውን ሹገር» ጀምሩ፤ ለጆሮ የቀለለው እሱ ነው። «ቩዱ»ን በስልክ ድምፅ ማጉያ አትስሙት፤ ባሱ ይጠፋባችኋል። የጆሮ ማዳመጫ አድርጉና መጀመሪያ ድራሙን ብቻ ተከተሉ። ሁለተኛ ስትሰሙ ባሱን ብቻ ተከተሉና ከድራሙ ምን ያህል ኋላ እንደቀረ አስተውሉ። «ብላክ ሜሳያ»ን ለመጨረሻ አቆዩት። ግጥሙን ከፊታችሁ አድርጋችሁ ስሙት፤ አለበለዚያ ቃላቱ ግማሹ ያመልጧችኋል፣ በዚህ አልበም ላይ ደግሞ ቃላቱ እንዲያመልጧችሁ አልፈልግም።